ለናይቫሻ ባስ አንድ ዘንግ ይበቃል

የዓሣ ማጥመጃ ዕቃ መግዛት ያሰበ ሰው መጀመሪያ መሄድ ያለበት ሐይቁ ዳር ነው። ቆሞ ውኃውን ይይ፤ ከዚያ በኋላ ኪሱን ይዳብስ። ብዙ ሰው ይህን ምክሬን በአክብሮት ይሰማኝና ሄዶ የሱቁን ግማሽ ገዝቶ ይመለሳል። እስቲ ዛሬ ደግሞ በጋዜጣ ልሞክረው።

የምኖረው ናይሮቢ ነው፤ ሥራዬ ኪሪኒያጋ መንገድ ላይ የመኪና መለዋወጫ መሸጥ። የቆዩት ነጋዴዎች መንገዱን ዛሬም «ግሮጋን» ነው የሚሉት፤ በቅኝ ግዛት ዘመን በሰፋሪው በዩዋርት ግሮጋን ስም ይጠራ ነበር። ይኸው ግሮጋን በ1905 (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ትራውት የሚባለውን ዓሣ ከስኮትላንድ አስመጥቶ በአበርዴር ተራሮች ወንዝ ውስጥ የጨመረ ሰው ነው። በእርሱ መንገድ ላይ ቆሜ ስለ ዓሣ ባወራ ከሥራዬ የወጣሁ አይመስለኝም።

ቅዳሜና እሑድ ከከተማ መውጣት የለመዱ የሀበሻ ልጆች ናይቫሻ ሐይቅ ሄደው ባስ የሚባለውን ዓሣ ማጥመድ ሲያምራቸው ወደ እኔ ጎራ ይላሉ። ሐይቁን ስለማውቀው ብቻ አይደለም፤ ኩሽኔታና ማርሽ ስለማውቅም ነው። ስልካቸውን ከፊቴ ይደቅኑና «ጋሼ፣ ይቺ ሪል አሥራ ሁለት ኩሽኔታ አላት ይላል፤ ትሻላለች?» ይሉኛል። ሪል የሚሏት ዘንጉ ላይ የምትታሰረውን ክር መጠምጠሚያ ነው። ቪዲዮው የአሜሪካ ነው። ጀልባው ላይ ስምንት ዘጠኝ ዘንግ ተደርድሯል፤ ለእያንዳንዱ ማባበያ፣ ማለትም መንጠቆ ለያዘው የውሸት ምግብ፣ የየራሱ ዘንግ፣ የየራሱ ሪል፣ የየራሱ ክር።

ያ ሁሉ ዘንግ እዚያ ምክንያት አለው። በ1967 ሬይ ስኮት የተባለ የአላባማ ኢንሹራንስ ሻጭ በአርካንሳስ ቢቨር ሐይቅ ላይ ባስ የማጥመድ ውድድር አዘጋጀ። በዓመቱ ማኅበር አቋቋመ፤ ከዚያ ወዲህ ባስ በአሜሪካ ስፖርትም ኢንዱስትሪም ሆነ። ለተወዳዳሪ ክር ቆርጦ ሌላ ማባበያ ለመቋጠር የሚያጠፋው ደቂቃ ገንዘብ ነው፤ ስለዚህ ሁሉን ቋጥሮ ይወጣል። እኛን ማን ያስቸኩለናል? ማባበያ መቀየሪያው ሰዓት ከፔርሙዙ ሻይ መቅጃው ሰዓት ነው።

ናይቫሻ ከናይሮቢ በሰሜን ምዕራብ ዘጠና ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። በታችኛው መንገድ የወረደ ሰው ማይ ማሂዩ ሳይደርስ አንዲት ሚጢጢ ቤተ ክርስቲያን ያያል፤ በ1942 የጣልያን ምርኮኞች የሠሯት ናት፤ በምሥራቅ አፍሪካው ጦርነት የተማረኩ፣ መንገዱንም ያወጡ። የእኛ ሰው እዚያ ሲደርስ መኪና አስቁሞ ማየቱ አይቀርም። ሐይቁ ራሱ ከባሕር ወለል በላይ 1,890 ሜትር ግድም ላይ ነው፤ የማሌዋና የጊልጊል ወንዞች ይገቡበታል፤ በዓይን የሚታይ መውጫ የለውም፣ ውኃው ግን ጨዋማ አይደለም፤ ከመሬት በታች ይሰርጋልና።

የሐይቁን ዓሦች በብዛት ያመጣቸው ሰው ነው። ባስ በ1929 ለመዝናኛ ተብሎ ከአሜሪካ መጣ። በሃምሳዎቹ የተለያዩ የቲላፒያ ዓይነቶች ተጨመሩ። በ1970 የሉዊዚያና ቀይ ክሬይፊሽ ገባ፤ የጎርምጥ ዘመድ ነው፤ ጥፍር አለው፣ ያገኘውን ይበላል። በ1980ዎቹ መጨረሻ እምቦጭ ታየ። በ2000ዎቹ መባቻ ደግሞ ካርፕ ብቅ አለና ጥቂት ዓመት ሳይቆይ የዓሣ አጥማጆቹን መረብ የሚሞላው እርሱ ሆነ። የሐይቁ የራሱ የነበረችው ትንሽ ዓሣ ከ1962 ወዲህ አልታየችም።

ይህ ታሪክ ገበያ ለሚወጣ ሰው ምን ያደርግለታል? ሁሉን ነገር ያደርግለታል። ክሬይፊሹ ከውኃ በታች የሚበቅለውን ተክልና የውኃ አበባውን ጨረሰው። ካርፑ ደለሉን በአፉ እየቆፈረ ያደፈርሰዋል። ከላይ ካለው እርሻ አፈር ይወርዳል። ውኃው ስለዚህ ደፍራሽ ነው። በሌላ በኩል አድጎ የጠነከረው ባስ ከምንም በላይ የሚበላው ያንኑ ክሬይፊሽ ነው። ማባበያ የሚመርጠው ሰው እነዚህን ሁለት ነገሮች ካወቀ ሱቅ ውስጥ ከተሰቀለው ዘጠና በመቶውን ሳያይ ያልፋል።

ክሬይፊሽ ወለል ላይ ነው የሚኖረው፤ ስለዚህ ማባበያውም ወለል ላይ ይሂድ። ቀለሙ ቡናማ፣ ጥቁር ቀይ፣ ወይም የደፈረሰ አረንጓዴ ይሁን። እኔ የምመርጠው ለስላሳውን የፕላስቲክ ትል ወይም የክሬይፊሽ ቅርጽ ያለውን ነው። ይህ ነገር የመጣው በ1949 ኒክ ክሪም የሚባል የኦሃዮ ሰው ፕላስቲክ አቅልጦ ትል ካወጣበት ጊዜ ጀምሮ ነው፤ እስካሁን ከእርሱ የሚበልጥ አላየሁም። አሠራሩ ቀላል ነው። ጥይት የሚመስል ትንሽ እርሳስ ክሩ ላይ ይገባል። ቀጥሎ አንገቱ የተቆለመመ መንጠቆ ይቋጠራል። የመንጠቆው ጫፍ በትሉ ገላ ውስጥ ተመልሶ ይደበቃል፤ ስለዚህ ቅጠልም እንጨትም አይዝም። ባሱ ሲነክሰውና ዘንጉ ሲሳብ ጫፉ ፕላስቲኩን በስቶ ይወጣል። አሜሪካኖች የቴክሳስ አሠራር ይሉታል።

በጣም ለደፈረሰ ቀን ደግሞ የሚሽከረከር የብረት ቅጠል ያለው ማባበያ አንድ ወይም ሁለት ይያዝ። ባስ ባያየው እንኳ ንዝረቱ ጎኑ ላይ ባለው መስመር ይሰማዋል። ከዚህ ሌላ ምንም አልጨምርም። ፊንላንዳዊው ላውሪ ራፓላ በ1936 ከእንጨት ጠርቦ የጀመረው ዓሣ መሳይ ማባበያ ውብ ነው፤ እኔም ቤቴ መደርደሪያ ላይ አለኝ። ግን ሆዱና ጭራው ላይ ባለ ሦስት ጫፍ መንጠቆ አንጠልጥሎ እምቦጭ ውስጥ የሚወረውረው ሰው ቀኑን ሙሉ አረም ሲያርም ይውላል። ኬንያ ውስጥ በእጅ የሚታሰሩ ሰው ሠራሽ ዝንቦችም አሉ፤ ወደ ውጭ ይላካሉ፤ ትልልቆቹን ባስ ይነክሳቸዋል። የራሱ ዘንግና የራሱ ትምህርት ስለሚፈልግ ለዛሬ ልለፈው።

አሁን ዘንጉ። ናይቫሻ ዳሩ ደንገል ነው፤ ነፋስ በፈለገበት የሚነዳው የእምቦጭ ምንጣፍ አለ፤ በ2020 ሐይቁ ሞልቶ ዳር ያሉትን መንደሮችና እርሻዎች ሲያጥለቀልቅ ቢጫዎቹ ግራሮች ውኃ ውስጥ ቆመው ደርቀዋል። ባስ አድብቶ የሚያጠቃ ዓሣ ነው፤ አፉ ሲከፈት ጭንቅላቱን ያክላል፤ የደረቀ ግንድ ጥላ ስር ተለጥፎ የሚያልፈውን ይጠብቃል። ሲያዝም ወዲያው ወደ ግንዱ ነው የሚዞረው። ስለዚህ ዘንጉ ወገቡ ጠንከር ያለ፣ ጫፉ ግን ንክሻ የሚናገር፣ ርዝመቱ ስድስት ጫማ ተኩል እስከ ሰባት ጫማ ቢሆን ከበቂ በላይ ነው። ለሁለት የሚለያይ ይሁን፤ ማታቱ በሚባለው ሚኒባስ ውስጥ ሰባት ጫማ ዘንግ ይዞ የገባ ሰው ከኮንዳክተሩም ከተሳፋሪውም ጋር ይጣላል።

ክርን በተመለከተ ወጣቶቹ ሁሉ የተጎነጎነውን ይፈልጋሉ። ቀጭን ነው፣ አይለጠጥም፣ ንክሻውን እስከ ጣት ያደርሳል፤ ውኃው ስለደፈረሰም መታየቱ ብዙ አያስጨንቅም። ደንገል ውስጥ ለሚያጠምድ የለመደ ሰው እኔም እርሱን እመክራለሁ። ለጀማሪ ግን ተራው ናይለን ይሻለዋል። መለጠጡ የጀማሪን የችኮላ አሳሳብ ይታገሣል፣ ሲጠላለፍ በቀላሉ ይፈታል፣ ዋጋውም ትንሽ ነው። አሥራ ሁለት ፓውንድ፣ ማለትም አምስት ኪሎ ተኩል ግድም የሚችል ይሁን። ፀሐይ ስለሚያደክመው በየጊዜው ይቀየር። ቋጠሮው ከመጥበቁ በፊት በምራቅ ይርጠብ፤ ደርቆ የሚጠብቅ ናይለን ሲፋተግ ይግልና እዚያው ይዳከማል። ዓሣ አመለጠኝ ከሚሉት ብዙዎቹን ክራቸውን ተቀብዬ ሳይ ጫፉ ተጠምልሎ ነው የማገኘው፤ ቋጠሮ የተፈታ ክር እንደዚያ ይጠመለላል።

ሪል ላይ ትንሽ ልቆይ፤ እዚህ ላይ በራሴ ሙያ ነው የምናገረው። ሪል ማለት ማርሽ፣ ኩሽኔታና ፍሪሲዮን ነው። ሳጥኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው የኩሽኔታ ቁጥር ከሁሉም የሚያንስ ወሬ ነው። አሥራ ሁለት ልል ኩሽኔታ ካላት ይልቅ አራት ወይም አምስት ደህና ኩሽኔታ በትክክለኛ ቦታ የተቀመጠላት ትበልጣለች። ትክክለኛው ቦታ ዋናው ማርሽ ግራና ቀኝ፣ ሁለተኛው ማርሽ፣ እና ክሩ የሚዞርበት ትንሽ ሮለር ነው። ሱቅ ውስጥ ቆሞ የሚደረግ ፍተሻ አለ፤ ሻጩ ቢኮሳተርም ይደረግ። እጀታውን በዝግታ ማዞር፤ እንደ አሸዋ የሚያንኳኳ ድምፅ ካለ መመለስ። እጀታውን ሳያዞሩ ወደፊትና ወደ ኋላ ማነቃነቅ፤ ልቅነቱ የበዛ ከሆነ ማርሹ አልገጠመም። ሮለሩን በጣት መንካት፤ የማይዞር ከሆነ ክሩን እየፋቀ ይጨርሰዋል። የክር መጠቅለያውን ከንፈር በጥፍር መዳበስ፤ ጥፍር የያዘ ክርም ይይዛል።

ዋናው ነገር ግን ፍሪሲዮኑ ነው። ዓሣው ሲጎትት ክር በልክ እየለቀቀ ክሩን ከመበጠስ የሚያድነው እርሱ ነው። ሲለቅ ሳይንቀጠቀጥ፣ እኩል መልቀቅ አለበት። ልኩ የክሩ አቅም ሩብ እስከ ሲሶ ነው፤ አምስት ኪሎ ተኩል ለሚችል ክር አንድ ኪሎ ተኩል ላይ ማሰር። ይህን በግምት አታድርጉት፤ ሽንኩርት የሚመዘንበትን ተንጠልጣይ ሚዛን ክሩ ጫፍ ላይ አስራችሁ ሳቡ፤ ቁጥሩ ላይ ሲደርስ ካልለቀቀ ላላ አድርጉት። ማታ ቤት ስትገቡ ፍሪሲዮኑን ፍቱት፤ ታስሮ ካደረ ውስጡ ያለው ፌልት ይጨመቃል። ማርሹ ትንሽ ግራሶ፣ ሮለሩ አንድ ጠብታ ቀጭን ዘይት ይበቃዋል። የመኪና ጎማ ግራሶ የጠቀጠቁበት ሪል ጥገና መጥቶልኛል፤ እጀታው እንደ ወፍጮ ድንጋይ ነበር የሚዞረው።

ታዲያ የትኛው ዓይነት ሪል? ክሩ ከፊት የሚለቀቀው፣ 2500 ወይም 3000 የሚል ቁጥር ያለው ተራ ሪል። ከላይ የሚቀመጠው፣ በአውራ ጣት የሚታገደው፣ በአሜሪካ ቪዲዮ ላይ የሚታየው ዓይነት በለመደ እጅ ግሩም ነው። ናይቫሻ ግን ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሳል፤ ነፋስ ፊት የተወረወረ ማባበያ ሲዘገይ መጠቅለያው መሽከርከሩን ይቀጥላል፤ ክሩ የወፍ ጎጆ ይሆናል፤ ቀሪው ሰዓት ጎጆውን ለመፍታት ይውላል። የማዞሪያ ፍጥነቱ አምስት ለአንድ ይሁን ስድስት ለአንድ ማንም እንቅልፍ አይጣ። ወለል ላይ የሚሄድን ትል የሚያንቀሳቅሰው ዘንጉ ነው፤ ሪሉ የተረፈውን ክር ብቻ ይሰበስባል።

በዚህ መልክ የገዛ ሰው እጁ ላይ ገንዘብ ይተርፈዋል። የተረፈውን ለጀልባ ነጂው ይክፈል። ካሜሬ ወይም ካራጊታ ላይ ጀልባ የሚያከራዩት ሰዎች የትኛው ግንድ ስር ውኃው ጥልቅ እንደሆነ፣ እምቦጩ ትናንት የት እንዳደረ፣ ጉማሬዎቹ ዛሬ ጠዋት የት እንዳሉ ያውቃሉ። ይህን የሚያውቅ ሪል የለም። እኔን የሚያናድደኝ በውድ ዕቃ ተሽቀርቅሮ መጥቶ በጀልባ ኪራይ ላይ ከሽማግሌ ጋር የሚከራከረው ነው። «ምዜ (አባባ)፣ ቀንስልኝ» እያለ ይነዘንዘዋል። የተቀነሰችው ገንዘብ የምትወጣው ከነዳጅና ከሰዓት ነው፤ ሽማግሌውም ቅርብ ወዳለው ባዶ ውኃ ወስዶ ያቆመዋል፤ ልክ ነው። መንሳፈፊያ ጃኬት ሳይለብስ ጀልባ የሚሳፈርም አለ። ጉማሬ ናይቫሻ ላይ ሰው ይገድላል፤ ከዘንግ በፊት የሚገዛው ወይም የሚከራየው ጃኬቱ ነው። የማጥመጃ ፈቃዱም ከዓሣ ሀብት መሥሪያ ቤቱ ይውጣ።

አንድ ፒንሳ ደግሞ ኪስ ውስጥ ይኑር። የመንጠቆውን ባርብ፣ ማለትም ወደ ኋላ የዞረውን እሾህ፣ በፒንሳው ተጫኑት። ክሩ ካልላላ ዓሣው አያመልጥም፤ ጣታችሁ ላይ ሲሰካ ግን እኔን ታመሰግናላችሁ። የያዛችሁት ካርፕ ከሆነ ብሉት። ባስ ከሆነ ለድስት የሚበቃውን አስቀርቶ ሌላውን መልቀቅ የእያንዳንዱ ፈንታ ነው። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ለአባቶች እተዋለሁ። የተቆረጠ ክር ውኃ ውስጥ ከሚጥል ሰው ጋር ግን ጀልባ አልጋራም። ኬንያ በነሐሴ 2017 የፕላስቲክ ከረጢት ከልክላ በከረጢት ሰው ስትቀጣ፣ ዓሣ አጥማጁ ለዓመታት የማይበሰብስ ናይለን ወፍ እግር ላይ እንዲጠመጠም ይጥላል።

አገር ቤት ያሉ አንባቢዎች ይህን ዝርዝር ይዘው ገበያ እንዳይወጡ። ውኃው ሌላ ነው። የጫሞ ናይል ፐርች ይህን ዘንግ ይሰብረዋል። ዝዋይና ሐዋሳ ላይ ብዙ ሰው የሚፈልገው ቆሮሶ ነው፤ ምግቡ በአብዛኛው አልጌ ስለሆነ የፕላስቲክ ትል እምብዛም አያባብለውም፤ እዚያ ትንሽ መንጠቆና ሊጥ ይሻላል። ጣና ደግሞ የተለየ ነው። በዓለም ላይ እዚያ ብቻ የሚገኙ 15 የባርበስ ዓይነቶች አሉት፤ 8ቱ ዓሣ በል ናቸው፤ ለእነርሱ የራፓላ ዓይነቱ ማባበያ ያስኬዳል። ግን ወንዝ ውስጥ ለመራባት ሲወጡ በመረብ እየተጠለፉ ቁጥራቸው የተመናመነ ዓሦች ናቸው። እነርሱን ያለ ባርብ በአንድ መንጠቆ ይዞ መልቀቅ ብቻ ነው ተገቢ የምለው።

እዚህ ናይሮቢ ቡና እየጠጣን አንዳንድ ሰው የሚያነሳት ሐሳብ አለች። «ባስን ለምን ዝዋይ ወይም ቆቃ አናስገባውም? ቱሪስት ይመጣል፣ ልጆቻችንም ይጠቀማሉ» ይላሉ። አሳቢዎቹ ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ የባሌዎቹ ዳንካና ዌብ ወንዞች ውስጥ ያለው ትራውትም ከዚሁ ከኬንያ የሄደ ነው ብለው ይከራከራሉ። እኔ አጥብቄ እቃወማለሁ። ናይቫሻ ላይ እያንዳንዱን እንግዳ ያስገባው ሰው በጎ ምክንያት ነበረው፤ አንዱ ለመዝናኛ፣ አንዱ ለምግብ፣ አንዱ ለገበያ። የመጣውን ግን የሚመልሰው አልተገኘም። ባስ ጫጩት ዓሣ በል ነው፤ ዝዋይ ላይ ጀልባ ገፍቶ ልጅ የሚያሳድገው አጥማጅ የሚኖረው በቆሮሶ ጫጩት ማደግ ነው። የቱሪስቱ ገንዘብ የሚገባው ለሆቴሉ፣ የቆሮሶው ጉድለት የሚወድቀው በአጥማጁ ላይ ነው።

ሕይወት ያለው ነገር በባልዲ የሚያጓጉዝ መንግሥት ብቻ ስላልሆነ እያንዳንዳችን የምናደርገው አለ። ክሬይፊሽ በሕይወቱ ለማባበያ ብሎ ከናይቫሻ ወደ ሌላ ግድብ የሚወስድ ሰው ካያችሁ ተናገሩት። እምቦጭ በቁራጭ ግንዱ ይራባል፤ በ2011 ጣና ላይ ከታየ ወዲህ ስንት ጉልበት እንደፈጀ ታውቃላችሁ። ስለዚህ ከናይቫሻ ስትመለሱ ቦት ጫማውን፣ መረቡን፣ የሪሉን ጎድጓዳ ቦታ ሁሉ እዚያው ጠርጉ፤ ቤት ስትደርሱ ፀሐይ ላይ አድርቁ። ባስ ማጥመድ ያማረው የአዲስ አበባ ሰው ደግሞ ትኬቱን ቆርጦ ወደዚህ ይምጣ፤ ዘንግ እኔ አውሰዋለሁ፤ የጀልባውን ራሱ ይክፈል።